ጩኸት የጉልበት ምልክት ነውን?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ተማሪዎች እንደ ሆናችሁ ዐውቃለሁ፤ ሌሎቻችሁም በመሥሪያ ቤት ወንበር ከያዛችሁ ገና አንድ ሁለት ዓመት ቢሆናችሁ ነው። ስለዚህ ዛሬ በምነግራችሁ ታሪክ ውስጥ ከሁለት አንዱን ሰው ሳታውቁት አትቀሩም፤ ወይ በኋላ ወንበር የተቀመጠውን ተማሪ፥ ወይ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ በሰው ላይ የሚፈርደውን። በዚያ ቀን ፈራጁ እኔ ነበርኩ።

የማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቆመው አይሮፕላኖች ከመሬት ተነሥተው ሽቅብ በሚወጡበት መንገድ ሥር ነው። ትምህርት ቤቱ ሲሠራ ሰማዩ እንዲህ አልተጨናነቀም ነበር ይላሉ ነባሮቹ መምህራን። ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይተካል። የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ጠመኔው ከሰሌዳው ጠርዝ ላይ ይንከባለላል፤ እኔም የጀመርኩትን ቃል በአፌ እንደ ያዝኩ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ተማሪዎቼ ይህን ዝምታ «የመምህሩ ዕረፍት» ብለው ሰይመውታል።

ከኮሌጅ በወጣሁበት በመጀመሪያው ዓመት ዝም ማለትን እንደ ሽንፈት ቈጥሬ ከአይሮፕላኑ ጋር ለመፎካከር ሞክሬ ነበር። እርሱ ሲጮኽ እኔም እጮኻለሁ። በወሩ መጨረሻ ጉሮሮዬ ተዘግቶ በዝንጅብልና በማር ስታከም ሰነበትኩ። አይሮፕላኑ ግን ምንም አልሆነ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ የፊዚክስ ፈተና ሰጠሁ። የወረቀት ማባዣው ተበላሽቶ ስለ ነበር ዐሥሩን ጥያቄዎች እኔው ጮኽ ብዬ እያነበብኩ እነርሱ መልሱን እንዲጽፉ አደረግሁ። ማታ ሳርም፥ ከኋላው ተራ በመስኮቱ አጠገብ የሚቀመጠው ልጅ አራተኛውንና ሰባተኛውን ባዶ ትቷቸዋል። የቀሩት ስምንቱ ግን ሁሉም ትክክል ናቸው። በማግሥቱ አስነሣሁና፥

«እነዚህን ሁለቱን ለምን ተውካቸው? እንቅልፍ ወሰደህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አይ መምህር፤ እኔን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ጥያቄዎቹን አይሮፕላን ወሰዳቸው» አለኝ።

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔም የተሳቀው በእኔ ላይ መስሎኝ ደሜ ፈላና ከሁለቱ ማርክ ሌላ ስለ ድፍረቱ ሦስተኛ ማርክ ቀነስኩበት። ልጁ አልተከራከረም። ሊቀመጥ ሲል ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መምህር፥ ቈይ እንጂ፥ ሞተሩን እንዳይጮኽ አድርጎ መሥራት አይቻልም ወይ?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔም አንድ ጊዜ እንኳ ሳላስብ «ጩኸት የጉልበት ምልክት ነው። ያን የሚያህል ብረት ወደ ሰማይ የሚያነሣ ሞተር በሹክሹክታ አይሠራም» ብዬ መለስኩ። ተማሪዎቹ ይህን በደብተራቸው ጻፉት። መምህር በልበ ሙሉነት የተናገረው ነገር ሁሉ ይጻፋልና።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የተከራየሁበት ቤት እመቤት ቡና ሊያፈሉ ጠሩኝ። ከሰሉ አልያዝ ብሎ ነበርና እኔ ልርዳ ብዬ ተንበረከክሁና በአፌ እፍ እፍ እል ጀመር። ፊቴ እስኪቀላ ነፋሁ፤ ድምፄ ከወናፍ አያንስም ነበር፤ ከሰሉ ግን በአንድ ነጥብ ብቻ ቀልቶ ዐመዱ ተነሣና በሴትዮዋ ነጠላ ላይ ዐረፈ። «ተው ልጄ፥ ዐመድ አታልብሰኝ! ማራገቢያውን አቀብለኝ» አሉኝ። ሰፊውን ማራገቢያ ተቀብለው ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ ወዲያና ወዲህ ሲያደርጉት ከሰሉ ከዳር እስከ ዳር ያለ ምንም ድምፅ ፋመ።

እኔም ስኒዬን ይዤ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። በኮሌጅ የተማርኩትን ረስቼ ለተማሪዎቼ ሐሰት እንዳስተማርኳቸው የገባኝ በዚያች ሰዓት ነው።

ነገሩን ላስረዳችሁ። አይሮፕላን ወደ ፊት የሚሄደው አየርን ወደ ኋላ ስለሚገፋ ነው። የመግፋት ኃይሉም የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው፤ በየሰኮንዱ በሚወረውረው አየር ብዛትና በሚወረውርበት ፍጥነት። ጥቂት አየር በታላቅ ፍጥነት ቢወረወር፥ ወይም ብዙ አየር በዝግታ ቢወረወር፥ ግፊቱ እኩል ሊሆን ይችላል። ጩኸቱ ግን እኩል አይሆንም። ከጠባብ አፍ የሚወረወር ፈጣን አየር ጸጥ ብሎ ከቆመው አየር ጋር ሲጋጭ ይቀደዳል፥ ይሽከረከራል፥ ይፈረካከሳል፤ እኛም ነጐድጓድ ብለን የምንሰማው ይህንኑ ትግል ነው።

ይህን በሒሳብ የገለጠው ጄምስ ላይትሂል የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ነው። በ1952 በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ሳለ ጽሑፉን አወጣ፤ ዕድሜው ገና ሠላሳ አልሞላም ነበር። (ስለ ውጭ አገር ስናገር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ላይትሂል እንዳሳየው፥ ከጄት ሞተር የሚወጣው አየር ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን የድምፁ ኃይል ሁለት እጥፍ ወይም አራት እጥፍ አይደለም፤ ሁለትን ስምንት ጊዜ እርስ በርሱ እንደ ማባዛት 256 እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ወደ ኋላ እናስላው። ፍጥነቱን በግማሽ ብንቀንስና ግፊቱ እንዳይጐድልብን አየሩ የሚወጣበትን አፍ በ4 እጥፍ ብናሰፋው፥ 256ን ለ4 አካፍሉ፤ አይሮፕላኑ ያንኑ ግፊት እያገኘ የጄቱ ድምፅ ኃይል 64 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። ሴትዮዋ በማራገቢያቸው የሠሩት ሥራ ይኸው ነው። እኔም በአፌ የሠራሁት የቀድሞዎቹ ጄቶች የሠሩትን ነው።

ታዲያ ሒሳቡ በ1952 ከታወቀ አይሮፕላኑ ወዲያውኑ ለምን ዝም አላለም? መልሱ ለመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ይመስለኛል።

በ1958 የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ የመንገደኛ ጄቶች በኒው ዮርክ አይሮፕላን ማረፊያ ለመነሣት ፈቃድ ጠየቁ። የማረፊያው አስተዳዳሪ የነበረው የወደብ ባለሥልጣን ግን በአካባቢው የሚኖሩት ሰዎች የሚሰሙት ጩኸት ሕዝቡ ከለመዳቸው ትልልቅ ባለፒስተን አይሮፕላኖች እንዳይበልጥ አዘዘ። ሌዎ ቤራኔክ የተባለ የድምፅ ሊቅና ባልደረቦቹም መለካት ጀመሩ። በመለኪያው መሣሪያ ሁለቱ ዓይነት አይሮፕላኖች እኩል ቢያሳዩም፥ የሰው ጆሮ ግን የጄቱን ፉጨት ይበልጥ ይጠላው ነበር። ስለዚህ ካርል ክራይተር የተባለው ባልደረባቸው የመሣሪያውን ቍጥር ብቻ ሳይሆን የሰሚውን ምሬት የሚቈጥር አዲስ መለኪያ አዘጋጀ። ይህን ነገር ልብ አድርጉ፤ ሕዝቡ «ይጮኽብናል» ሲል መሣሪያው «እኩል ነው» ቢልም፥ ባለሥልጣኑ መሣሪያውን ይዞ ሕዝቡን አልዘለፈም፤ መለኪያውን አረመ።

የአይሮፕላኑ ሠሪዎችም በችኮላ አንድ ብልኃት አመጡ። የሞተሩን አንድ ትልቅ የጭስ መውጫ አፍ ከፋፍለው እንደ ዋሽንት ጥቅል ብዙ ቱቦዎች አደረጉት። ጩኸቱ ቀነሰ፤ ነገር ግን ቱቦዎቹ ክብደት ጨመሩ፥ ከግፊቱም ጥቂት አስቀሩ። በመጨረሻ ላይ የተለጠፈ መድኃኒት ሁሉ እንዲህ ነው። እውነተኛው መፍትሔ ሞተሩን ከውስጡ እንደገና ማሰብ ነበር።

ያም መጣ። የሞተሩ ፊት ላይ ትልቅ ማራገቢያ ተተከለለት፤ ከሚስበው አየር ጥቂቱ ወደ እሳቱ ይገባል፥ የቀረው በዳር በኩል በዝግታ ወደ ኋላ ይገፋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1955 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመራቸው ቦይንግ 720ቢ ጄቶች ከእነዚህ የመጀመሪያ ባለማራገቢያ ሞተሮች ነበሩባቸው፤ ለአንድ እጅ በእሳት ለሚያልፍ አየር አንድ እጅ ተኩል ያህል በዳር ያልፍ ነበር። ይኸው አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ከአፍሪካ ቀድሞ በተረከበው ቦይንግ 787 ሞተር ላይ ግን በዳር የሚያልፈው አየር ወደ ዘጠኝ እጅ ደርሷል። የማራገቢያውም ስፋት ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር ከ80 ያህል ስለ ሆነ ረጅም ሰው ቆሞ እጁን ቢዘረጋም አይሞላውም።

ይህን አይሮፕላን ቆሞ የማየት ዕድል ያጋጠማችሁ እንደ ሆነ የሞተሩን ሽፋን የኋላ ጠርዝ ተመልከቱ። እንደ መጋዝ ጥርስ ተቈርጧል፤ ጌጥ አይደለም። ፈጣኑና ዘገምተኛው አየር በአንድ ጊዜ ተላትመው እንዳይፈነዱ ጥርሶቹ ቀስ እያሉ ያቀላቅሏቸዋል። የሽፋኑ የውስጥ ግድግዳ ደግሞ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ከቀዳዳዎቹ ኋላ እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ትንንሽ ጓዳዎች አሉ። የማራገቢያው ፉጨት ወደ ውጭ ሳይወጣ በእነዚያ ጓዳዎች ውስጥ ገብቶ ኃይሉ ያልቃል።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ማራገቢያው እየሰፋ የሄደው ለጆሯችን ታዝኖ ብቻ አይደለም፤ ነዳጅም ይቈጥባል። አየርን በኃይል መወርወር እሳት ማባከን ነውና። ነገር ግን ነዳጅ መቈጠብ የማያስገድደውን ሁሉ ሕግ አስገደደው። በ1969 የአሜሪካ መንግሥት አዲስ ጄት ሁሉ ከመፈቀዱ በፊት ድምፁ እንዲለካ ደነገገ፤ በ1971 ደግሞ አገራችንም አባል የሆነችበት ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ተመሳሳይ ደንብ አጸደቀ። ወሰኑም በየጊዜው እየጠበቀ ሄዶ በ2006ና በ2017 ለአዳዲሶቹ አይሮፕላኖች እንደገና ዝቅ ተደረገ። ጩኸታሞቹ አሮጌ ትልልቅ ጄቶችም በአሜሪካ በ1999 ማብቂያ፥ በአውሮፓ በ2002 ከመደበኛ አገልግሎት ወጡ።

«መምህር ሆይ፥ አንድ አይሮፕላን ለግማሽ ደቂቃ ቢጮኽ ምን ይጐዳል?» የሚለኝ አንባቢ ሊኖር ይችላል። እኔም በዚያ ማክሰኞ እንዲሁ አስብ ነበር። በጀርመን አገር በምትገኘው በሙኒክ ከተማ በ1992 አሮጌው የአይሮፕላን ማረፊያ ተዘግቶ በሌላ ስፍራ አዲስ ተከፈተ። ተመራማሪዎች በሁለቱም አካባቢ የሚኖሩትን ሕፃናት ከለውጡ በፊትና በኋላ ፈተኗቸው። ጩኸቱ በተነሣላቸው ልጆች ዘንድ የማንበብና የማስታወስ ችሎታቸው እየታደሰ ሄደ፤ ጩኸቱ አዲስ በመጣባቸው ዘንድ ግን ያው ችሎታ እየደከመ ሄደ። በ2005 ደግሞ በለንደን፥ በአምስተርዳምና በማድሪድ ማረፊያዎች አካባቢ ከ2800 በላይ የሆኑ የዘጠኝና የዐሥር ዓመት ልጆች የተካተቱበት ምርመራ ታተመ፤ የአይሮፕላን ጩኸት እየበዛ በሄደ መጠን ልጆቹ ያነበቡትን የመረዳት ችሎታቸው ዝቅ ይል ነበር።

ይህን ባነበብኩ ማግሥት አንድ ነገር አደረግሁ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ አንድ ባልደረባዬን ለመንኩና በመምህሩ ቦታ ቆሞ ከመጽሐፍ እንዲያነብልኝ፥ እኔ በዚያ ልጅ ወንበር ተቀምጬ የሰማሁትን እንድጽፍ ተስማማን። መስኮቱ በግራ ትከሻዬ በኩል ነበር። አይሮፕላኑ መጣ። የባልደረባዬ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ቃል ግን የለም። ካለፈ በኋላ ደብተሬን ስመለከት በሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ባዶ ስፍራ አለ፤ ከዚህም የከፋው ነገር ከባዶው በኋላ የመጣውን ዐረፍተ ነገር ሰምቼ ሳለሁ አልገባኝም፤ የሚያያዘው ከጠፋው ጋር ነበርና። ልጁ ግን በዚያ ወንበር ላይ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ከዐሥሩ ስምንቱን አግኝቷል። እኔም ስለዚህ ሽልማት የሰጠሁት ሦስት ማርክ መቀነስ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ይዤ ወደ ክፍል ገባሁ። በመጀመሪያ ልጁን አስነሣሁና በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሁለቱን ጥያቄዎች እንደገና አነበብኩለትና በቃሉ መለሳቸው፤ ሦስቱንም ማርክ መለስኩለት። ከዚያም «ባለፈው ሳምንት በደብተራችሁ የጻፋችሁትን ዐረፍተ ነገር ሰርዙ» አልኳቸው። እንደ ዕድል ሆኖ አንዱም አልሳቀ።

በጠርሙሱ አፍ ላይ አግድም ነፋሁበት፤ እንደ መርከብ ጡሩምባ ጮኸ። ቀጥዬ ጣቴን ከአፉ ጠርዝ ላይ አድርጌ ነፋሁ፤ ድምፁ ሞተ። «ኤርባስ 320 በሚባለው አይሮፕላን ክንፍ ሥር የነዳጅ ጋኑ የሚተነፍስባቸው ክብ ቀዳዳዎች አሉ» አልኳቸው። «ለማረፍ ሲቀርብ ነፋሱ በእነርሱ ላይ አግድም እያለፈ እንደዚህ ጠርሙስ ያፏጭ ነበር። በኋላ ግን ከቀዳዳው ፊት ትንሽ ብረት ቢተከል ነፋሱን ሰብሮ ፉጨቱን እንደሚያጠፋው ታወቀ፤ ከ2014 ጀምሮም በብረቱ የታጠቁ አይሮፕላኖች መብረር ጀመሩ።» ያን ጊዜ ያ ልጅ እጁን አወጣ። «እንግዲያው መምህር፥ ሞተሩ ዝም ቢልም ገላው ይጮኻል ማለት ነው?» አለ።

ጥያቄው ትክክል ነበር። አይሮፕላን ለማረፍ ሲወርድ የሞተሩ ኃይል ይቀንሳል፤ ስለዚህ የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ የተዘረጉትን የክንፍ ሰሌዳዎችና የወረዱትን የጐማ እግሮች ነፋሱ ሲገርፋቸው ነው። ለዚህ ነገር ጠበብት ከማን እየተማሩ እንደ ሆነ ብነግራቸው ክፍሉ ጕድ አለ፤ ከጉጉት! እኛ አገር ጉጉት ስትጮኽ ክፉ ወሬ ያመጣች ይመስለናል፤ ስትበርም ማንም አይሰማትም። በ1934 ግራሃም የተባለ እንግሊዛዊ የዚህን ምክንያት መርምሮ ጻፈ። የክንፏ የፊት ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አለው፤ የኋላው ጠርዝ እንደ ጋቢ ዘርፍ የላላ ነው፤ የላባዋም ገጽ እንደ ከፋይ ለስላሳ ነው። ነፋሱ በእነዚህ ላይ ሲያልፍ ያለ ግርግር ይለያያል። የዛሬዎቹ መሐንዲሶችም ከአይጥ ሌላ ጠላት የሌላትን ይህችን ወፍ መምህራቸው አድርገዋታል ስል «አይጥማ ጠላቷ አይደለም፥ ምሳዋ ነው» ብሎ አንዱ አረመኝ። ያን ዕለት እርማት መቀበል ቀሎኝ ነበር።

አንባቢዎቼ፥ ነገሩ በዚህ አላበቃም። አንዱ አይሮፕላን ዝግ ባለ ቍጥር በሰማዩ ላይ የሚመላለሱት ይበዛሉ፤ ማራገቢያውም ያለ ልክ ቢሰፋ ክብደቱና የነፋሱ መጎተት ይጨምራል። ስለዚህ መሐንዲሱ ብቻውን የሚጨርሰው ሥራ አይደለም። ትምህርት ቤታችን ዛሬም በዚያው መንገድ ሥር አለ፤ እኔም ዛሬ አይሮፕላን ሲመጣ አልጮኽም፤ እቆማለሁ፤ ሲያልፍም የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ከመጀመሪያው እደግማለሁ። ከኋላ ተራ ያለው ልጅ ራሱን ሲነቀንቅልኝ እቀጥላለሁ።

ተማሪዎች ሆይ፥ ከእናንተ አንዱ ነገ መሐንዲስ ይሆናል። «ይህ ነገር ተፈጥሮው ነው፥ አይለወጥም» የሚል መምህር ቢያጋጥማችሁ፥ አክብራችሁ አድምጡት፥ ነገር ግን መልሱን በእርሳስ ጻፉት። በመሥሪያ ቤት ያላችሁም ወንድሞችና እኅቶች፥ የትምህርት ቤት ወይም የሐኪም ቤት ቦታ የሚያሳይ ካርታ አንድ ቀን በጠረጴዛችሁ ላይ ያልፋል። ከማኅተሙ በፊት አንድ ጊዜ ከወንበራችሁ ተነሥታችሁ ወደ ስፍራው ሂዱ፤ ሰማዩንም ቆማችሁ አድምጡ። በካርታ ላይ ጩኸት አይሰማም።